ስለ ወንዶች ባርኔጣ አናትና ስለ ቅርጹ ታሪክ
(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ እርሱም የወንዶች ባርኔጣ ነው። ምናልባት ከአድማጮቻችን አንዳንዱ፥ «ስንት ታላላቅ ነገር ሳለ ስለ ባርኔጣ ምን ይነገራል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን አንድ አሮጌ የመሥሪያ ቤት ፎቶግራፍ አንሥተን በጥንቃቄ ብንመለከት፥ የሰዎቹን ስም ባናውቅ እንኳ ማን አለቃ፥ ማን ጸሐፊ፥ ማን ተላላኪ እንደ ሆነ በራሳቸው ላይ ከደፉት ወይም በጉልበታቸው ላይ ካስቀመጡት ባርኔጣ ለመገመት እንሞክራለን። ግምታችንም አንዳንድ ጊዜ ይሠምራል፤ አንዳንድ ጊዜም ያሳፍረናል። የዛሬው ንግግሬ ይህ ግምት ከየት እንደ መጣና ምን ያህል እንደሚታመን ለማሳየት ነው።

ሐሳቤን በአጭር ቃል አስቀድሜ ልናገር። ያለፉትን ሁለት መቶ ዓመታት የኤውሮፓና የአሜሪካ ባርኔጣ በተርታ አስቀምጠን ብናይ፥ አናቱ ከረጅም ወደ አጭር፥ ከደረቅ ወደ ለስላሳ ሲሄድ እናገኘዋለን። በመጀመሪያ ሰው ለባርኔጣው ይታዘዝ ነበር፤ በኋላ ግን ባርኔጣው ለሰው ታዘዘ። ይሁን እንጂ ቅርጹ ሲለዋወጥ ሳይለወጥ የቆየ አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ባርኔጣውን የሚሠራው የሠራተኛው ሥቃይ ነው። ወደዚያ በኋላ እንመለስበታለን። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፥ የእኛ ነው ካላልሁ በቀር፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮቼ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

አስቀድመን የባርኔጣውን ክፍሎች እንለይ። ራስን የሚሸፍነው ከፍ ያለው ክፍል አናት ነው። ዙሪያውን ለፀሐይና ለዝናብ የተዘረጋው ክፈፍ ነው። አናቱና ክፈፉ በሚገናኙበት ላይ የሚዞረው ጥብጣብ ነው። አናቱ ላይ የሚታየው ጐድጐድ ያለ ምልክት፥ በሰው ጉንጭ ላይ እንዳለው ሁሉ፥ ስርጉድ ይባል። አንድን ባርኔጣ ከሌላው ለመለየት ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል፤ አናቱ ደረቅ ነው ወይስ ለስላሳ? ስርጉዱ እንዴት ያለ ነው? ክፈፉስ ሰፊ ነው ወይስ ጠባብ፥ የተጠቀለለ ነው ወይስ የተዘረጋ?

አሁን ደግሞ ስለ ጨርቁ ጥቂት ልናገር። ጥሩ የወንድ ባርኔጣ የሚሠራው ፌልት ከሚባለው ጨርቅ ነው። በአገራችን በመንዝ ደጋ የበግ ጠጕር ተፈትሎ፥ ድርና ማግ ሆኖ፥ ባና እንደሚሸመን ሁላችንም እናውቃለን። ፌልት ግን አይፈተልም፤ አይሸመንምም። የእንስሳ ጠጕር በጉልህ ማሳያ መነጽር ቢታይ በላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያሉ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉት። ጠጕሩ በሙቅ ውሃና በእንፋሎት ረጥቦ ሲታሽና ሲጨቈን እነዚህ ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ አንድ ጊዜ ከተያያዙም በኋላ አይላቀቁም። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል፤ በዚህ ግን ድር እንኳ ሳይኖር ጠጕር ከጠጕር አብሮ ዝናብ የማያስገባ ጨርቅ ይሆናል።

ሥራው የሚጀመረው ከሚፈለገው ባርኔጣ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ፥ እንደ ደወል ያለ ስስ ቅርጽ በማውጣት ነው። ያ ቅርጽ በሙቅ ውሃ እየታሸ ይጠብባል፤ እየጠበበም ይወፍራል፤ ይጠነክራልም። በመጨረሻ በእንፋሎት ለስልሶ በእንጨት ፎርማ ላይ ይወጠርና አናቱ ይወጣለታል። እንግዲህ የአናቱ ቅርጽ የሚወሰነው በእንጨቱ ፎርማና ባርኔጣ ሠሪው በሚያሳርፈው እጅ ነው ማለት ነው።

ከጠጕር ሁሉ የተመረጠው ቢቨር የሚባለው፥ በወንዝ ዳር እንጨት እየቈረጠ ግድብ የሚሠራው አውሬ ጠጕር ነበር። ኤውሮፓውያን በአገራቸው ያለውን ቢቨር አድነው ሊጨርሱት ስለ ተቃረቡ ፊታቸውን ወደ ሰሜን አሜሪካ መለሱ። በ1670 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ የሃድሰን ቤይ ኩባንያ ለሚባለው የንግድ ማኅበር ቻርተር ሲሰጡት፥ የማኅበሩ ዋና ሀብት የሚሆነው ይኸው ጠጕር ነበር። በ1732 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ በአሜሪካ ያሉት ቅኝ ግዛቶች የሠሩትን ባርኔጣ ወደ ውጭ እንዳይልኩ በሕግ ከለከለ። ጠጕሩን እንዲሸጡ ይፈቀድላቸዋል፤ ባርኔጣውን እንዲሸጡ ግን አይፈቀድላቸውም። ጥሬ ዕቃ አውጥቶ የተሠራ ዕቃ መልሶ የሚገዛ አገር ምን እንደሚሰማው፥ በንግድና በገንዘብ ጉዳይ የሚሠሩ አድማጮቼ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

በዚህም አላበቃም። ከ1784 እስከ 1811 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዝ አገር በወንዶች ባርኔጣ ላይ ግብር ተጥሎ ነበር። ግብሩ በዋጋው መጠን ከፍና ዝቅ ይላል፤ መከፈሉም በባርኔጣው ገበር ውስጥ በሚለጠፍ ቴምብር ይታወቃል። ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሀብታም ብዙና ውድ ባርኔጣ ይገዛል፤ ድኻ አንድ ርካሽ ይገዛል፤ ወይም ጭራሹን አይገዛም። መንግሥትም የሰውን ሀብት በራሱ ላይ ደፍቶት በሚሄደው ነገር መዘነው።

ወደ ቅርጾቹ እንለፍ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የከበርቴው ባርኔጣ ቀጥ ብሎ እንደ ጭስ ማውጫ የቆመው ሲሊንደር ነበር። በመጀመሪያ ከቢቨር ፌልት ይሠራ ነበር፤ በኋላ ግን የሚያብረቀርቅ የሐር ጨርቅ ቦታውን ወሰደ። አናቱ ደረቅ ነው፤ ስርጉድ የለውም፤ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው። ይህን ባርኔጣ የደፋ ሰው ጐንበስ ሊል፥ ሊሮጥ፥ ሸክም ሊሸከም አይችልም። በነፋስ ቀን በእጁ ይይዘዋል፤ በበር ሲገባ ያወልቀዋል። አለመመቸቱ ራሱ መልእክት ነበር፤ «እኔ በእጄ የምሠራ ሰው አይደለሁም» ይላል። ሆኖም ይህንኑ ባርኔጣ በእንጨት ጐጆ ውስጥ የተወለዱት ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ደፉት፤ በአፕሪል 14 ቀን 1865 ዓ.ም. ማታ በፎርድ ቴአትር ቤት በተተኰሱ ጊዜ ይዘውት የሄዱት ባርኔጣ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር ይገኛል።

ሁለተኛው ቅርጽ ክቡ ባርኔጣ ነው፤ እንግሊዞች ቦውለር፥ አሜሪካውያን ደርቢ ይሉታል። አመጣጡ ለጌቶች አልነበረም። በ1849 ዓ.ም. ኤድዋርድ ኮክ የተባለ እንግሊዛዊ ባላባት በኖርፎክ ባለው በቤተ ሰቡ ርስት ላይ ለሚሠሩት የአደን ጠባቂዎች የሚሆን ባርኔጣ ፈለገ። ጠባቂዎቹ በፈረስ ሲሄዱ ረጅሙ ሲሊንደር በዛፍ ቅርንጫፍ እየተመታ ይወድቅባቸው ነበርና። በለንደን በሴንት ጄምስ መንገድ የሚገኘው፥ በ1676 ዓ.ም. የተቋቋመው የሎክ ባርኔጣ ቤት ትእዛዙን ተቀብሎ፥ ቶማስና ዊልያም ቦውለር የተባሉ ወንድማማቾች እንዲሠሩት አደረገ። እነርሱም ፌልቱን ሼላክ በሚባል ሙጫ አጠንክረው፥ አናቱን ዝቅ አድርገው፥ እንደ ዕንቍላል አሞልሙለው አወጡት። እንደሚተረከው ኮክ ባርኔጣውን ሊቀበል በመጣ ጊዜ መሬት ላይ ጥሎ ሁለት ጊዜ ረገጠው፤ አለመጨፍለቁንም ባየ ጊዜ ዋጋውን ከፍሎ ሄደ።

እንግዲህ ይህ ክብ ባርኔጣ የሎሌ መከላከያ ሆኖ ተወልዶ፥ ብዙ ሳይቆይ በለንደን የባንክ ሹማምንትና የመንግሥት ጸሐፊዎች ራስ ላይ ወጣ። በአንድ ጊዜም በነጋዴውም በሠራተኛውም ራስ ላይ ይታይ ጀመር። ቻርሊ ቻፕሊን በፊልም ላይ ድኻውን ተንከራታች ሲጫወት የደፋው ይህንኑ ነው፤ ተመልካቹን የሚያስቀውም አንዱ ነገር፥ የባንክ ሹም ባርኔጣ ጫማው በተቀደደ ሰው ራስ ላይ መታየቱ ነው። ነገር ግን ክቡም ባርኔጣ ቢሆን ደረቅ ነው፤ ቅርጹን የሚሰጠው ሠሪው እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

ሦስተኛው ሆምቡርግ ነው። በጀርመን አገር ሆምቡርግ በምትባለው የጠበል ከተማ ይሠራ የነበረውን ይህን ባርኔጣ በ1880ዎቹ ዓመታት ወደ እንግሊዝ አገር አስገብተው ያስለመዱት በኋላ ኤድዋርድ 7ኛ ተብለው የነገሡት የዌልስ ልዑል ናቸው። አናቱ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ አንድ ስርጉድ ብቻ አለው፤ በጐንና በጐን አይቆነጠጥም። ክፈፉ ዙሪያውን ወደ ላይ የተጠቀለለና ጫፉ በጥብጣብ የተከፈፈ ነው። ከሲሊንደሩ የቀለለ፥ ከክቡ የተከበረ ሆኖ ስለ ተገኘ የሚኒስትሮችና የዲፕሎማቶች ባርኔጣ ሆነ። አናቱ ግማሽ ደረቅ፥ ግማሽ ለስላሳ ነው፤ ይህም በአሮጌውና በአዲሱ ዘመን መካከል የቆመ መሆኑን ያሳያል።

በዚህ ባርኔጣ ላይ እኛን የሚነካ ታሪክ አለ። በ1930ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት አንቶኒ ኤደን ጥቁር ሆምቡርግ መድፋት ያዘወትሩ ስለ ነበረ፥ በለንደን ባርኔጣው በስማቸው እስከ መጠራት ደረሰ። ኤደን ለዚህ ሥልጣን የበቁት በ1935 ዓ.ም. መጨረሻ፥ የኢትዮጵያን መሬት ለኢጣሊያ ቈርሶ ለመስጠት የታቀደው የሆርና የላቫል ምክር ተጋልጦ ሳሙኤል ሆር ሥልጣናቸውን በለቀቁ ጊዜ ነው። የዓለም ጋዜጦችም የወጣቱን ሚኒስትር አለባበስ አደነቁ። ይሁን እንጂ በ1936 ዓ.ም. በጁን ወር፥ በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ የእንግሊዝ መንግሥት መወሰኑን ለምክር ቤት የገለጹት እኚሁ ሚኒስትር ነበሩ። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲናገሩ፥ ጥቁር ካባ ለብሰው፥ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ነበር የቆሙት። የዓለም ታሪክ የማይረሳው ንግግር ባርኔጣ ከሌለበት ራስ ወጣ።

አራተኛው ለስላሳው ባርኔጣ ነው። ይህም በሁለት ስም ይታወቃል፤ ሁለቱም ስሞች ከቴአትር የመጡ ናቸው። በ1882 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ደራሲ ቪክቶርየን ሳርዱ «ፌዶራ» የሚል ቴአትር ጽፎ በፓሪስ ታየ፤ የልዕልት ፌዶራን ክፍል የተጫወተችው ዕውቋ ሣራ በርናር ነበረች። በርናር ደፍታው የታየችው ለስላሳ ባርኔጣ በልዕልቲቱ ስም ተጠራ እየተባለ ይነገራል። አስቀድመውም የደፉት ሴቶች ነበሩ፤ ወንዶች በብዛት የያዙት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛው ስም ትሪልቢ ነው። ጆርጅ ዱ ሞርየ በ1894 ዓ.ም. ካሳተመው «ትሪልቢ» ከሚባለው ልብ ወለድ መጽሐፍ የተወሰደው ቴአትር በለንደን በታየ ጊዜ፥ በመድረኩ ላይ የታየው ባርኔጣ ይህን ስም አገኘ። ሁለቱን ለመለየት ክፈፉን መመልከት ይበቃል፤ የፌዶራ ክፈፍ ሰፋ ያለ ሲሆን የትሪልቢ ጠባብ ነው፤ ከኋላውም ቀና ይላል።

የለስላሳው ባርኔጣ ትልቁ ነገር አናቱ ነው። በመካከሉ ስርጉድ አለው፤ ከፊት ለፊቱም በሁለት ጐን በጣት የተቆነጠጠ ይመስላል። ይህ መቆንጠጥ ከምን መጣ ቢባል፥ ሰው ባርኔጣውን ለሰላምታ ሲያነሣ አናቱን በአውራ ጣቱና በሌሎቹ ጣቶቹ መካከል ስለሚይዝ ነው። ከላይ ሲታይ ስርጉዱ የእንባ ጠብታ የሚመስል አለ፤ እንደ አልማዝ ማዕዘን ያለው አለ፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድም አለ። ዙሪያውን ወደ ውስጥ ገብቶ መካከሉ ጠፍጣፋ የሆነም አለ፤ አናቱ የሥጋ ኬክ ስለሚመስል እንግሊዞች ፖርክ ፓይ ይሉታል። አንድ ለስላሳ ባርኔጣ ስርጉድ ሳይኖረው ተገዝቶ፥ ባለቤቱ በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ይዞ በገዛ እጁ የፈለገውን ቅርጽ ሊሰጠው ይችላል። የሲሊንደርና የክብ ባርኔጣ ባለቤት ይህን ለማድረግ አይችልም ነበር። ሰው ለባርኔጣው ይታዘዝ ነበር፤ በኋላ ግን ባርኔጣው ለሰው ታዘዘ ያልሁትም ስለዚህ ነው።

በለስላሳ ባርኔጣ ስሙ የገነነው ኢጣሊያዊው ጁሴፔ ቦርሳሊኖ ነው። በፓሪስ ሙያውን ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1857 ዓ.ም. በአሌሳንድርያ ከተማ ሥራውን አቋቋመ። ፋብሪካው እያደገ ሄዶ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በዓመት ሁለት ሚሊዮን ያህል ባርኔጣ እስከ ማውጣት ደረሰ። በከተማችንም በዕድሜ የገፉ ሰዎች «ቦርሳሊኖ» ሲሉ የፋብሪካውን ስም መጥራታቸው አይደለም፤ ማናቸውንም ጥሩ የወንድ ባርኔጣ ማለታቸው ነው። ይህ ለአንድ የእጅ ሠራተኛ ትልቅ ክብር ነው፤ ሐውልት ከመቆም ይልቅ የሰው ስም የዕቃ ስም ሲሆን ዕድሜው ይረዝማል።

አምስተኛው በአሜሪካ የተወለደው ሰፊው ባርኔጣ ነው። ጆን ስቴትሰን የባርኔጣ ሠሪ ልጅ ነበረ፤ ጤናው ታውኮ ወደ ምዕራቡ አገር ሄደ፤ ከዚያም ተመልሶ በ1865 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ ሥራውን ጀመረ። ያወጣውም ባርኔጣ «የሜዳው አለቃ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጠው። አናቱ ከፍ ያለና ክብ ነበር፤ ይህም በራስና በጨርቁ መካከል አየር እንዲኖርና ሙቀት እንዲቀንስ ነው። ክፈፉ ሰፊና ዝርግ ነበር፤ ይህም ለፀሐይና ለዝናብ ነው። በመጀመሪያ ሲሸጥ ስርጉድ አልነበረውም፤ ከብት ጠባቂዎቹ በየእጃቸው እየያዙ፥ በየአገራቸው ልማድ እየጨመቁ፥ ልዩ ልዩ ቅርጽ ሰጡት። ከነዚህም አንዱ በአራት ጐን የተቆነጠጠው ሾጣጣ አናት ነው፤ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ1911 ዓ.ም. የተቀበለውና በየአገሩ ያሉ ስካውቶች የሚታወቁበት ይህ ነው። በለንደን ፋሽን ከላይ ወደ ታች ሲወርድ፥ በአሜሪካ ሜዳ ከታች ወደ ላይ ወጣ።

እስካሁን ባርኔጣውን የደፉትን አየን። አሁን የሠሩትን እንመልከት። የቢቨር ጠጕር እየጠፋና እየተወደደ በሄደ ጊዜ ሠሪዎቹ ወደ ጥንቸል ጠጕር ዞሩ። የጥንቸል ጠጕር ግን በቀላሉ አይያያዝም። ስለዚህ ቆዳው ላይ ሳለ በሜርኩሪ፥ ማለት በአማርኛችን ባዜቃ በምንለው ማዕድንና በአሲድ በተቀመመ ውሃ ይቀቡት ነበር። መድኃኒቱ የጠጕሩን ቅርፊት ያሻክረዋል፤ ጫፉንም እንደ ካሮት ያቀላዋል። ከዚያ በኋላ ጠጕሩ በሙቅ ውሃ ሲታሽና በእንፋሎት ሲወጠር ባዜቃው ወደ ተን ተለውጦ፥ መስኮቱ በተዘጋ ቤት የሚሠራው ሰው ይተነፍሰዋል።

መርዙ በአንድ ቀን አይገድልም። አስቀድሞ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ በኋላ ከንፈርና ምላስ ይንቀጠቀጣሉ፤ ጥርስ ይረግፋል። ከዚያም ጠባይ ይለወጣል፤ ሰውየው ዐይነ አፋርና ቍጡ ይሆናል፤ ሰው ሲመለከተው ሥራውን መሥራት ያቅተዋል። በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት የባርኔጣ ከተማ ተብላ በምትጠራው በዳንበሪ ሕመሙ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ «የዳንበሪ መንቀጥቀጥ» የሚል ስም ወጣለት። እንግሊዞችም «እንደ ባርኔጣ ሠሪ ያበደ» የሚል አነጋገር አላቸው፤ ብዙ ሰዎች ይህን አነጋገር ከዚሁ ሕመም ጋር ያያይዙታል።

አድማጮቼ ይህን እንዲያስተውሉልኝ እወዳለሁ። ሕመሙ ባርኔጣው ረጅም በሆነ ጊዜ ነበረ፤ ክብ በሆነ ጊዜም ነበረ፤ ለስላሳ በሆነ ጊዜም ነበረ። የፋሽን ለውጥ ለደፊው ነፃነት ሰጠ፤ ለሠሪው ግን ምንም አልሰጠውም። ሐኪሞች ነገሩን ካወቁት ብዙ ዘመን አልፎ ሳለ፥ በአሜሪካ በባርኔጣ ሥራ ባዜቃ መጠቀም የተከለከለው በ1941 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያም ጊዜ ባዜቃው ለጦር መሣሪያ ማፈንጃ ይፈለግ ስለ ነበረ ክልከላው ሳይፈጥን አልቀረም። ያለ ባዜቃም ጥሩ ባርኔጣ መሥራት ይቻል ነበር፤ በኋላም ያለ እርሱ ተሠርቷል። የጐደለው ዘዴው ሳይሆን የሚያስገድደው ሕግና ሕጉን የሚያስፈጽመው ሹም ነበር። ስለ ባርኔጣ ለመንግሥት ሠራተኞች መናገር ዋዛ አይደለም ያሰኘኝ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። ባርኔጣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የራሳችንን ልማድ አጥፍቶ ሳይሆን ተደርቦበት ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በብዙ ፎቶግራፎቻቸው ላይ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አስረው፥ በሻሹ ላይ ሰፊ ክፈፍ ያለውን ጥቁር ባርኔጣ ደርበው ይታያሉ። ሻሹ የአገር፥ ባርኔጣው የባሕር ማዶ ነው፤ ሁለቱ ግን በአንድ ራስ ላይ አልተጣሉም። በ1924 ዓ.ም.፥ ማለት በእኛ አቆጣጠር በ1916፥ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ከመሳፍንቱና ከመኳንንቱ ጋር ኤውሮፓን በጐበኙ ጊዜም ከካባው ጋር ሰፊውን ባርኔጣ ደፍተው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ያን ጊዜ የኤውሮፓ ሹማምንት ሲሊንደርና ሆምቡርግ ይደፉ ነበር፤ የእኛዎቹ ግን ለካባቸው የሚስማማውን መረጡ እንጂ የአስተናጋጆቻቸውን ቅርጽ አልቀዱም።

የአክብሮትም ምልክት እንዲሁ ነው። በአገራችን ሰው ታላቁን ሲያይ ሸማውን አውርዶ ያደገድጋል፤ በኤውሮፓ ባርኔጣውን ያነሣል። ሁለቱም አንድ ነገር ይናገራሉ፤ «ልብሴ ለምቾቴና ለክብሬ ነው፤ በፊትህ ግን ክብሬን ዝቅ አደርጋለሁ» ይላሉ። ባርኔጣ ከከተማችን ሹማምንት ጋር በተዋወቀ ጊዜ አንዱ ሰው ሁለቱንም ልማድ ማወቅ ነበረበት፤ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፍ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ በዘመድ ቤት ለቅሶ ሲደርስ ሸማውን ያስተካክላል።

በመጨረሻ የባርኔጣ ዘመን እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ። በ1953 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቃለ መሐላ በሚፈጽሙበት ቀን የቆየውን የሲሊንደር ልማድ ትተው ሆምቡርግ ደፉ። በ1961 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲሊንደሩን መልሰው ይዘውት መጡ፤ ነገር ግን ንግግራቸውን ያደረጉት ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ስለ ነበረ፥ ባርኔጣን ያጠፉ እርሳቸው ናቸው የሚል ወሬ ተሠራጨ። ወሬው ግን ልክ አይደለም፤ ባርኔጣ መድፋት ከዚያ በፊት እየቀነሰ መጥቶ ነበር። አውቶሞቢል በበዛበት ከተማ ሰው ለፀሐይና ለዝናብ ብዙ አይጋለጥም፤ በመኪናው ጣራ ሥር ባርኔጣ ደፍቶ መቀመጥም አይመችም። ስቴትሰን በፊላደልፊያ የነበረውን ትልቁን ፋብሪካውን በ1971 ዓ.ም. ዘጋ። ቦርሳሊኖም በ2017 ዓ.ም. በፍርድ ቤት መክሠሩ ተነገረ፤ በ2018 ዓ.ም. ግን ሌላ ባለገንዘብ ገዝቶት ሥራው ቀጠለ። የለንደኑ የሎክ ቤት ዛሬም በሴንት ጄምስ መንገድ ይሸጣል።

የተከበራችሁ አድማጮች ሆይ፤ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ባርኔጣ የሰውን ማዕርግ ይናገራል ተብሎ ብዙ ዘመን ታምኖበታል። እኛ ግን የሎሌው ባርኔጣ የባንክ ሹሙ ባርኔጣ ሲሆን፥ የልዕልቲቱ የወንዶች ሁሉ ሲሆን፥ የከብት ጠባቂው የሠራዊት ምልክት ሲሆን አየን። እንግዲህ ባርኔጣ የሚናገረው የደፊውን ዋጋ ሳይሆን የዘመኑን አስተያየት ነው።

ከአባቱ ወይም ከአያቱ የወረሰው አሮጌ ባርኔጣ በቁም ሣጥን ላይ ያለው አድማጭ ቢኖር፥ ዛሬ ማታ አውርዶ እንዲመለከተው እለምናለሁ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፍለት፤ የጠጕሩን አቅጣጫ እየተከተለ ይቦርሸው፤ ሲያስቀምጠውም ክፈፉ እንዳይጣመም በአናቱ ገልብጦ ያኑረው። ከዚያም ስርጉዱን በጣቱ ይዳስስ። አባቱ ሰውን ለማክበር ባርኔጣውን ባነሣ ቍጥር ጣቶቹ ያረፉት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ በዚያው ስፍራ ላይ፥ ስሙን የማናውቀው ምናልባትም የሚንቀጠቀጥ የሌላ ሰው እጅ አርፎ ነበር። ሁለቱንም አንድነት ማሰብ ተገቢ ነው።